የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፦ ያልተመለሱ የአድማጮች ጥያቄዎች

ባለፈው ሳምንት ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስናወራ ስልኩ አላረፈም። ግማሹን ጥያቄ እንኳን ሳንነካው ሰዓቱ አለቀ። የቀሩትን እዚህ በጽሑፍ እመልሳለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ረዘም ያሉትን ጥያቄዎች አሳጥሬያቸዋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ "አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጦርነቱ በባርነት ሳይሆን በስቴቶች መብት ነው የተነሳው ይለኛል። ምን ልበለው?"

"የምን መብት?" ብለህ ጠይቀው። ሌላ ምንም አትጨምር።

ተገንጣዮቹ ራሳቸው ጽፈው አስቀምጠውታል እኮ። ሚሲሲፒ ለምን እንደተገነጠለች ባወጣችው መግለጫ ላይ ገና ከመግቢያው የምታነሳው ባርነትን ነው። የኮንፌዴሬሽኑ፣ ማለትም ተገንጣዮቹ የደቡብ ስቴቶች ያቆሙት መንግሥት፣ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ በመጋቢት 1861 ባደረገው ንግግር የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አይደለም የሚለው ሐሳብ ነው ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ደግሞ አስበው፣ በ1850 የወጣው ሕግ የጠፋ ባሪያን ይዞ እንዲመልስ ሰሜኑን ያስገድድ ነበር። ያኔ ደቡቦቹ የሰሜን ስቴቶች መብት አላሳሰባቸውም።

ግን ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ሰሜኑም ሲጀምር ባሪያ ነፃ ላወጣ ብሎ አልዘመተም። ሊንከን ሥልጣን ሲይዝ ባርነት ባለበት ቦታ አልነካውም ብሎ ነበር። የዘመተው አገር እንዳይፈርስ ነው። አንተ የምትኖርባት ሜሪላንድም ሳትገነጠል ከሰሜኑ ጋር ቆማ ባሪያ ትገዛ ነበር፤ ያስቀረችው በኅዳር 1864 ነው፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ አገር ለማዳን የተጀመረ ጦርነት እንዴት ባርነትን ወደ ማጥፋት ዞረ የሚለው ነው። ቀጣዩ አድማጭ እሱን ነው የጠየቁት።

ከአትላንታ፣ አንዲት እናት፦ "ልጄ ትምህርት ቤት ሊንከን ባሪያዎቹን ነፃ አወጣ ብለው አስተማሩት። እነሱ ዝም ብለው ቁጭ ብለው ነው የጠበቁት?"

አልጠበቁም እናቴ። ግንቦት 1861፣ ጦርነቱ ከተጀመረ ገና አንድ ወር አልፎታል። ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪ እና ጄምስ ታውንሰንድ የሚባሉ ሦስት ሰዎች ቨርጂኒያ ውስጥ ለደቡብ ጦር የመድፍ ምሽግ እንዲሠሩ ተደርገው ነበር። ጌታቸው ኮሎኔል ማሎሪ ይባላል። ሦስቱ ሰዎች በሌሊት በጀልባ ተሻግረው ፎርት ሞንሮ ወደሚባለው የሰሜን ጦር ምሽግ ሄዱና እጃቸውን ሰጡ። ይመልሱን፣ ይቀበሉን የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል ቤንጃሚን በትለር በሙያው ጠበቃ ነበር። በማግስቱ አንድ የደቡብ መኮንን ነጭ ባንዲራ ይዞ መጣና የጠፋ ባሪያ ይመለስ የሚለውን ሕግ ጠቅሶ ሰዎቹን ጠየቀ። በትለር ምን አለው? ቨርጂኒያ ሌላ አገር ሆኛለሁ ብላለች፣ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ለሌላ አገር አይሠራም፤ ኮሎኔሉ መጥቶ ለአሜሪካ ታማኝ ነኝ ብሎ ይማልና ይውሰዳቸው። ጨመረበትና፣ ሰዎቹን ንብረት ካላችኋቸው፣ ለጦርነት ያዋላችሁትን ንብረት የመውረስ መብት አለኝ አለ።

የጠበቃ ብልጠት ነው። ሰውን ከንብረት ቆጥሮ ነፃ ማውጣት ምን ያህል እንደሚያስተዛዝብ ለእርስዎ አልነግርም። ግን ሠራ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሴቱም ሽማግሌውም ልጅ ያዘለውም ወደ ምሽጉ ይጎርፍ ጀመር። ነሐሴ ላይ ኮንግረሱ ነገሩን ሕግ አደረገው። ጦርነቱ እስኪያልቅ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆን ሰው ጌታውን ጥሎ ወደ ሰሜን ጦር ገብቷል ተብሎ ይገመታል። ሊንከን ጥር 1 ቀን 1863 በተገነጠሉት ስቴቶች ያሉ ባሪያዎች ነፃ ናቸው የሚለውን አዋጅ ሲያወጣ ሰዎቹ በእግራቸው የጀመሩትን ነገር ነው በፊርማ ያጸናው። ይህን የምለው ሊንከንን ለማሳነስ አይደለም። ያለ ፊርማው ኋላ 180 ሺህ ገደማ ጥቁር ወታደር መሣሪያ አይታጠቅም ነበር። ከነሱ ሌላ 19 ሺህ የሚሆኑት በባሕር ኃይል አገልግለዋል።

ለልጅዎ አንድ ነገር ይጨምሩለት። ነጩ ተራ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈለው ጥቁሩ 10 ዶላር ነበር፣ ከሷም 3 ዶላር ለልብስ ይቆረጥበታል። 54ኛው የማሳቹሴትስ ክፍለ ጦር እኩል ካልሆነ አንቀበልም ብሎ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ተዋጋ። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ፎርት ዋግነርን በእሳት ውስጥ የወጉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ከሚኒሶታ፦ "ባሪያ የሌለው የደቡብ ደሃ ነጭ ለማን ብሎ ሞተ?"

ጥሩ ጥያቄ። ባሪያ የነበረው የነጭ ቤተሰብ ከሩብ እስከ ሲሶ ቢሆን ነው። ቀሪው የራሱን ቁራጭ መሬት የሚያርስ ገበሬ ነው። አንዱ አገሬ ተወረረ ብሎ ዘመተ፣ አንዱ የሰፈሩ ልጆች ስለዘመቱ እሱም ተከተለ፣ ብዙው ግን ደሃም ብሆን ከጥቁር በላይ ነኝ የምትለዋን ደረጃ ላለማጣት ነው። ባሪያ የሌለውም አንድ ቀን እገዛለሁ ብሎ ያስባል።

ከ1862 ጀምሮ ግን ነገሩ ተበላሸ። ደቡብ የግዳጅ ምልመላ አወጣችና 20 ባሪያ ባለበት እርሻ አንድ ነጭ ከዘመቻ ይቀራል የሚል አንቀጽ ጨመረችበት። ገበሬው ተንጨረጨረ። "የሀብታም ጦርነት፣ የደሃ ውጊያ" የሚለው አባባል በሰፊው የተነገረው ያኔ ነው። ሚስቶች "ልጆቹ ራባቸው፣ ና" ብለው ይጽፉ ነበር፣ እሱም ይከዳል። ሚያዝያ 1863 በዋና ከተማቸው ሪችመንድ ሴቶች ዳቦ አጣን ብለው መጥረቢያና ቢላ ይዘው ሱቅ ሰበሩ። ፕሬዚዳንቱ ጄፈርሰን ዴቪስ ራሱ ወጥቶ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሳንቲም ወረወረላቸው፣ ካልተበተናችሁ ግን ይተኮስባችኋል አለ።

ሰሜኑም ከዚህ አይሻልም። እዚያ 300 ዶላር የከፈለ ወይም ተተኪ የገዛ ከግዳጅ ያመልጣል፤ ያ ገንዘብ ለቀን ሠራተኛ የዓመት ገቢ ሊሆን ምንም አይቀረው። ሐምሌ 1863 ኒው ዮርክ በረብሻ ተናጠች። የአየርላንድ ስደተኞች የበዙበት ሕዝብ ምዝገባውን ተቃውሞ ወጣ፣ ከዚያ ንዴቱን በጥቁሮች ላይ ተወጣው። ሰው ሰቀሉ። የጥቁር ሕፃናት ማሳደጊያ አቃጠሉ። ደሃው ከሱ በታች ያለውን መረጠ።

ከሲያትል፣ ነርስ ነኝ ያሉ አድማጭ፦ "ያን ያህል ሰው እንዴት አለቀ? ሕክምናው ነው?"

ለረጅም ጊዜ 620 ሺህ ይባል ነበር። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ መዝገቦችን ያነጻጸረ ጥናት ወደ 750 ሺህ አስጠጋው። የአገሩ ሕዝብ ያኔ 31 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ እርስዎ ያስሉት።

ከሟቾቹ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑትን የገደላቸው ግን ጥይት አይደለም። ተቅማጥ፣ ታይፎይድ፣ ኩፍኝ፣ ወባ። የገጠር ልጅ ኩፍኝ ሳይዘው አድጎ በሺዎች መሐል ድንኳን ውስጥ ሲገባ ያልቃል። ሽንት ቤቱ ከወንዙ አጠገብ ነው፣ የሚጠጡትም ከዚያው። ሐኪሞቹ ክሎሮፎርም ነበራቸው፣ በፊልም እንደምናየው በጩኸት አልነበረም እግር የሚቆርጡት። የጎደላቸው የጀርም እውቀት ነው። ያችኑ መጋዝ በደም የራሰ ጨርቅ ጠርገው ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳሉ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ "እኛ ሰፈር ከዚህ ጦርነት የቀረ የሚታይ ነገር አለ?"

እንዴ! ያለኸው መሐሉ ላይ ነው። በሳውዝ ዋሽንግተን ጎዳና መጨረሻ፣ ከሀይዌዩ አጠገብ፣ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች የተቀበሩበት ቦታ አለ። ከ1,700 በላይ ሰው ነው ያለው። ኋላ ተረስቶ በ1955 ነዳጅ ማደያ ተሠራበት። አሁን ማደያው ፈርሶ ከ2014 ጀምሮ መታሰቢያ ሆኗል። ግድግዳው ላይ የሟቾቹን ስም ታነባለህ፣ አብዛኛው ልጅ ነው።

መጀመሪያ ጥቁር ወታደሮችንም እዚያ ይቀብሯቸው ነበር። በታኅሣሥ 1864 ሆስፒታል የተኙ 443 ጥቁር ወታደሮች አቤቱታ ጻፉ። እኛ ወታደር ነን፣ እንደ ነጮቹ ጓዶቻችን በወታደር መቃብር እንቀበር አሉ። ቆስለው ተኝተው፣ ስለ ራሳቸው መቃብር። ተፈቀደላቸው፣ የተቀበሩትም ሳይቀር ተነስተው ወደዚያ ተዛወሩ።

ሌላም አለ። ብዙዎቻችን እንጀራና በርበሬ የምንገዛበት ቤይሊስ ክሮስሮድስ፣ ኅዳር 1861 ሊንከን ከ50 ሺህ በላይ ወታደር ሰልፍ ያየበት ሜዳ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ጆርጂያ አቬኑን ይዘህ ወደ ላይ ከወጣህ ደግሞ ፎርት ስቲቨንስ የሚባል ምሽግ አለ፤ ሐምሌ 1864 ሊንከን ምሽጉ ላይ ቆሞ የጠላት ጥይት በአጠገቡ ያለፈበት። ሥልጣን ላይ ሆኖ የጠላት ተኩስ ውስጥ የቆመ ፕሬዚዳንት ብዙ የለም። አርሊንግተን መቃብርም የደቡቡ ጦር ጄኔራል የሮበርት ሊ ሚስት ርስት ነበር። ሬሳውን ቤቱ ደጃፍ ድረስ የቀበሩት ሊ ተመልሶ እንዳይኖርበት ነው።

ከዴንቨር፦ "እንዲህ ተጨራርሰው እንዴት ታረቁ? ለእኛስ የሚሆን ነገር የለውም?"

ለእኛ የሚለውን ለእናንተ ልተወው፣ የነሱን ልንገርህ። ሚያዝያ 9 ቀን 1865 ሊ ቨርጂኒያ ውስጥ አፖማቶክስ ላይ ለሰሜኑ ጦር አዛዥ ለግራንት እጁን ሲሰጥ ሦስት ነገር ተደረገ። የደቡብ ወታደር ዳግም ላይዋጋ ቃል ገብቶ ወደ ቤቱ ተሸኘ። ፈረስ ወይም በቅሎ ያለው ይዞ ይሂድ፣ እርሻ ደርሷል ተባለ። ግራንት ለተራበው ጦር 25 ሺህ ቀለብ ላከ። ይህን የእርቅ ምሳሌ አድርገው የሚጠቅሱት ብዙ ናቸው፣ እውነትም ያምራል።

ሒሳቡን የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው። ነፃ የወጡት ሰዎች መሬት አላገኙም። ለጥቂት ዓመታት መረጡ፣ ተመረጡ፣ ኮንግረስ ገቡ። በ1877 የፌደራሉ ጦር ከደቡብ ምርጫና ምክር ቤት ጥበቃ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ጥቁሩ ድምፁን በጠመንጃና በሕግ ተነጠቀ። ሰሜኑና ደቡቡ ነጭ ተቃቀፈ፣ ጥቁሩ ሜዳ ላይ ቀረ። የሊ ሐውልት ሪችመንድ ላይ የቆመው በ1890 ነው፣ ከሽንፈቱ 25 ዓመት በኋላ። የተነሳው በ2021።

ከሎስ አንጀለስ፣ አንድ አባት፦ "ጉራዕ ላይ ከግብፅ ጋር ሆነው አሜሪካኖች ወግተውናል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?"

እውነት ነው አባቴ። ነገሩ የሚጀምረው ደግሞ ከጥጥ ነው። ጦርነቱ ሲነሳ ሰሜኑ የደቡብን ወደቦች ዘጋ። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥጥ አጡ። የግብፅ ጥጥ ዋጋ ሰማይ ነካ። በ1863 ሥልጣን የያዘው የግብፅ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል በዚያ ገንዘብ ሰከረ። ቤተ መንግሥት፣ ባቡር፣ ቦይ፣ ጦር። የአሜሪካ ጥጥ ሲመለስ ዋጋው ወደቀ፣ እሱ ግን መበደሩን ቀጠለ።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሥራ የፈታ መኮንን ሞልቷል። ወደ 50 የሚሆኑትን ቀጠረ፣ ከሁለቱም ወገን። ትናንት ሲገዳደሉ የነበሩ ሰዎች ካይሮ ላይ አንድ መለዮ ለበሱ። ኤታማዦር ሹሙ ቻርልስ ስቶን የሰሜን ጄኔራል የነበረ ነው። ዊሊያም ሎሪንግ የደቡብ ጄኔራል ነው፣ አንድ እጁን ከዚያ በፊት ሜክሲኮ ጦርነት ላይ ያጣ።

በኅዳር 1875 ጉንደት ላይ የግብፅ ጦር ተደመሰሰ። በዚያው ወር እስማኤል የስዊዝ ካናል ድርሻውን ለእንግሊዝ በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ፣ ዕዳው አንቆት። ያም ሆኖ ሌላ ጦር ላከ፤ አዛዡ ራቲብ ፓሻ፣ ሁለተኛው ሰው ሎሪንግ። መጋቢት 1876 ጉራዕ ላይ ከምሽጋቸው ወጥተው ሜዳ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጦር ጋር ገጠሙና ጉድ ሆኑ። ግብፆቹ፣ ውጡ ብሎ የገፋፋን ሎሪንግ ነው አሉ። አሜሪካኖቹም የግብፅ መኮንኖች ፈሪ ናቸው አሉ። ለእኔ ሁለቱም አገሩንም ተዋጊውንም ንቀው ነው የመጡት። የእኛዎቹ መድፍና በሺዎች የሚቆጠር ሬሚንግተን ጠመንጃ ማረኩ፤ እሱም አሜሪካ ሠራሽ ነው።

ስቶን ምን ሆነ ላሉኝ ደግሞ፣ ወደ አገሩ ተመልሶ ኒው ዮርክ ያለው የነፃነት ሐውልት የቆመበትን መሠረት ያሠራው ዋና መሐንዲስ እሱ ነው። ጀልባው ላይ ተሳፍራችሁ ስትሄዱ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።