ታሪክን በስላይድ ማስተማር፦ ምን ይታይ፣ ምን ይነገር?

ሜሮን፦ ዛሬ የኮሌጅ የታሪክ ክፍል ውስጥ ነን። ፕሮጀክተሩ በርቷል። «የአንደኛው የዓለም ጦርነት መንስኤዎች» የሚል ርዕስ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ሚሊታሪዝም፣ የጦር ጥምረት፣ ኢምፔሪያሊዝም፣ ብሔርተኝነት። ተማሪው አቀርቅሮ ይገለብጣል። ዳዊት፣ ይሄ ምን ችግር አለው?

ዳዊት፦ ነጥቦቹ ስህተት አይደሉም። ግን ዝርዝር ውስጥ ጊዜ የለም፣ ሰውም የለም። በፈረንጆቹ 1914፣ ጁን 28 የኦስትሪያ-ሃንጋሪ አልጋ ወራሽ ሳራዬቮ ላይ ተገደለ። ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ለሰርቢያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የሰጠችው ጁላይ 23 ነው፤ ጦርነት ያወጀችው በ28። ኦገስት 4 ብሪታንያ ገባች። በመሀል ስንት ሰው ተማክሯል፣ ስንት ቴሌግራም ተልኳል! አራቱን ነጥብ ብቻ የያዘ ተማሪ ግን ጦርነቱ ማንም ሳይወስን የመጣ ይመስለዋል።

ሜሮን፦ ታዲያ አንተ ምን ታሳያለህ?

ዳዊት፦ የአውሮፓ ካርታ። ከላይ ቀኑ ብቻ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ አገር በገባበት ቀን ይቀለማል። ጁላይ 24 ላይ ቆም ብዬ «የሰርቢያ መንግሥት ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ?» እላለሁ። ክርክሩ እዚያው ይነሳል።

ሜሮን፦ እኔ ደግሞ ስላይድን የምወደው ማስረጃውን ራሱን ክፍል ውስጥ ስለሚያመጣልኝ ነው። ብሩክስ የምትባለውን የባሪያ መርከብ ሥዕል አስብ። በ1788 የባሪያ ንግድን የሚቃወሙ ሰዎች እንግሊዝ ውስጥ አሳተሙት። ሰዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ተኝተዋል፤ መተላለፊያ እንኳ የለም። ይህን ሳሳይ ለተወሰነ ጊዜ ምንም አልናገርም። መጀመሪያ ይዩት።

ዳዊት፦ ከዚያስ?

ሜሮን፦ ከዚያ ጥያቄ። ማን ሣለው? ለማን? በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ለዚህች መርከብ የፈቀደው 454 ሰው ነበር፤ ከሕጉ በፊት ግን ከ600 በላይ ጭናለች። ሥዕሉ ላይ ያሉት ከዚያ ያነሱ ናቸው፤ ስለዚህ ሥዕሉ አሰቃቂ ቢሆንም ከእውነታው የቀለለ ነው። ደግሞም ሰዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ስም የለሽ፣ ዝም ያሉ ሆነው ነው የተሣሉት። የነሱ ድምፅ የት አለ? እዚህ ጋ ነው ታሪክ ማስተማር የሚጀመረው።

ዳዊት፦ ጎን ለጎን ማነጻጸርም አለ። ስታሊን ቦይ ዳር የቆመበት ፎቶ፣ አጠገቡ የምስጢር ፖሊሱ አለቃ ዬዦቭ። በ1940 ከተገደለ በኋላ ከፎቶው ተፍቆ ወጣ፤ በቦታው ውሃ ብቻ። ሁለቱን ፎቶዎች በአንድ ስላይድ ካደረግሻቸው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ሜሮን፦ ግን ምንጩ ከሥሩ ይጻፍ። ማን ያነሳው፣ መቼ፣ የት እንደሚገኝ። ምስልን ለጌጥ መለጠፍ በታሪክ ክፍል ትልቅ ጥፋት ነው።

ዳዊት፦ ጽሑፍ አንብቦ መስጠቱንም እንተው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ማየር ያሳየው ነገር አለ፤ ሥዕልና ንግግር ባለበት ላይ ያንኑ ንግግር በጽሑፍ መድገም ለብዙ ተማሪ መማርን ያከብድበታል።

ሜሮን፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልሟገትህ። መስማት የሚቸገር ተማሪ አለ፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚማርም አለ። እንግዳ ስሞችና ቀኖች በጽሑፍ መታየት አለባቸው።

ዳዊት፦ ስምና ቀን፣ እሺ። አንቀጽ ግን በሃንዳውት፣ ማለትም በሚታደል ወረቀት ይሂድ።

ሜሮን፦ ተማሪው «ስላይዱ ይላክልን» ሲልስ?

ዳዊት፦ ይላክ፤ ግን ሥዕልና ካርታ ብቻውን ለፈተና አያስጠናም። ስለዚህ አብሮ የሚነበብ ማስታወሻ እጽፋለሁ። ሥራ ይጨምራል፣ አዎ። ሌላው፣ ውይይት ሲጀመር ስክሪኑን አጠፋለሁ። ፓወርፖይንት ላይ «ቢ» የሚለውን ፊደል ስትጫኚ ይጠቁራል፤ ደግመሽ ስትጫኚ ይመለሳል።

ሜሮን፦ ያኔ ዓይኑ ሁሉ ወደ ተናጋሪው ተማሪ ይዞራል።