እሳት ከማየቱ በፊት

የተከበራችሁ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ የሥልጠናችሁ የመጨረሻ ቀን ነው። ጀበናውም ምጣዱም ላይ እጃችሁ ገብቷል። እኔ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው፤ ስለ አታሞ ቀዳዳ።

አታሞ በእንጨትም በሸክላም ይሠራል። እኔ የሸክላውን ስሠራ አፉን ዙሪያውን እበሳና ቆዳውን በጠፍር ወጥሬ አስራለሁ። ቀላል ይመስላል አይደል?

የመጀመሪያዬን የበሳሁት ከተቃጠለ በኋላ ነበር፤ በምስማርና በመዶሻ። ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ስደርስ ቀጭን ስንጥቅ ከአፉ እስከ ሆዱ ወረደ። ያስተማሩኝ እማማ ገሉን አንስተው አገላብጠው አዩት። «ሳይደርቅ ነበር እኮ ልጄ!» አሉኝ።

ታዲያ መቼ ነው? ጠፈፍ ሲል ነው። እርጥብ ከሆነ እንጨቱ ጭቃውን ይጎትተዋል፤ ከደረቀ ይፈረካከሳል። በአውራ ጣታችሁ ጫን ስትሉት ካልሰመጠና አሻራችሁ ብቻ ከቀረበት፣ ያኔ በሾለ እንጨት ብሱት። ከከንፈሩ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ በሉ። ሸክላ ሲደርቅም ሲቃጠልም ስለሚኮማተር ቀዳዳው ከጠፍሩ ሰፋ ይበል። ከዚያ ጣታችሁን ውሃ ነክራችሁ ጠርዙን በውስጥም በውጭም አለስልሱት። ይህችን አደራ እንዳትዘሏት! ሻካራ ጠርዝ ጠፍሩን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

የፍየል ቆዳ እርጥቡን ይወጠርና ሲደርቅ ይሰበሰባል። ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው እነዚያ ቀዳዳዎች ላይ ነው። ርቀታቸው እኩል ካልሆነ ቆዳው በአንድ ወገን ይላላል፤ ድምፁም ይበላሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። አታሞ ላይ የሸክላ ሠሪዋና የቆዳ ፋቂው እጅ ይገናኛል። ሁለቱም በዚህ አገር በሙያቸው ብዙ ተሰድበዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ግን እኔ ያደግሁበት ሰፈር ድረስ ዘልቋል። እናቴ እንስራዋን አዝላ ገበያ ስትወርድ ስትሰደብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሠርግ ሲደርስ ግን አታሞ የሚዋሱት ከእኛ ቤት ነበር። እናቴም አቧራውን በነጠላዋ ጠርጋ ትሰጣቸዋለች።

እዚያ የደረደርናቸው አታሞዎች ከጠዋት ጀምሮ ጥላ ሥር ናቸው። አሁን ጠፈፍ ብለዋል። እንጨታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ እንጀምር።