«በር አትቆልፉበት»፦ በሱስ ለተያዘ ሰው ቤተሰቦች የሰጠኋቸው መልሶች

በሬዲዮ የሚደውሉልኝ አብዛኞቹ እናቶች፣ ሚስቶችና ወንድም እህቶች ናቸው። ሱስ የያዘው ሰው ራሱ ሲደውል ብዙም አይገጥመኝም። ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን እነሆ ሰብሰብ አድርጌ መለስኩ።

እናት፣ ከደብረ ብርሃን፦ ልጄ በየቀኑ አረቄ ይጠጣል። ብር ስከለክለው የቤት ዕቃ አውጥቶ ይሸጣል። ልስጠው ወይስ ልከልክለው?

እናቴ፣ ብር በእጁ አይስጡት። ምግብ ይስጡት፣ ልብሱን ያጥቡለት፣ ለመታከም እሺ ያለ ቀን ካርድ ያውጡለት። የአረቄ ዕዳውን ግን አይክፈሉለት፤ የከፈሉለት ቀን ዱቤው እንደ አዲስ ይከፈታል። ምክር ካለዎት ጠዋት ሳይቀምስ ይንገሩት፤ ማታ ሰክሮ ሲገባ መምከር ጠብ መጫር ነው። አንድ አደራ ብቻ፦ «ከዛሬ ጀምሮ አቁም» ብለው አያስጨንቁት። በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው አደገኛ ነው፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ምክንያቱን ለሚቀጥለው ጠያቂ በሰፊው እነግረዋለሁ፣ እርስዎም ይስሙት።

ወንድም፣ ከአዲስ አበባ፦ ታላቃችን 12 ዓመት ጠጥቷል። ጠዋት ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቤተሰቡ ተመካክሮ ዓርብ ማታ ክፍል ሊቆልፍበት ነው። ሦስት አራት ቀን ከቻለ ይተወዋል ብለን ነው።

ወንድሜ፣ በር አትቆልፉበት። ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ ዛሬም እናገራለሁ።

ጠዋት ሲኒ ሲያነሳ ቡናው እጁ ላይ የሚፈስበት ሰው ሰውነቱ አልኮልን ለምዷል። አልኮል አእምሮን ያፈዝዛል። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ ደግሞ አእምሮው ያንን መፍዘዝ ለመቋቋም ራሱን እያነቃቃ ይኖራል፤ መጠጡን በአንዴ ስትነጥቁት ያ መነቃቃት ያለ ልጓም ይቀራል። ከመጨረሻው መጠጥ 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማስመለስና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። 48 ሰዓት ሳይሞላ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ወድቆ ሊንፈራገጥ ይችላል። በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል አንዳንዱ መቃዠት ይጀምራል። ብርድ ልብሱን እየለቀመ «እነዚህን ጉንዳኖች አንሱልኝ» ይላል። የገዛ እናቱን አያውቃትም። ሰውነቱ ይግላል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ልክፍት ነው» ብሎ ያስረዋል፣ ሰዓቱም ያልፋል። ይህ ሕመም ሰው ይገድላል። እናንተ ልትቆልፉበት ያሰባችሁት ሦስት አራት ቀን ደግሞ ሕመሙ የሚመጣበት ቀን ነው።

ሆስፒታል ቢተኛ እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ መጠኑም በየቀኑ ይቀነሳል። ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠዋል፣ ግፊቱና ትንፋሹ ይለካል። ይህን ሰምታችሁ ግን ዲያዜፓም ከፋርማሲ ገዝታችሁ እቤት እንዳትሰጡት! ከአልኮል ጋር ከተገናኘ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ዓርብን አትጠብቁ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ቅርብ ሆስፒታል ውሰዱት። በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ መጨረሻ የቀመሰው መቼ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ወድቆ እንደሆነ ጽፋችሁ ያዙ። እስከዚያ መጠጡን በጉልበት አትቀሙት። አሁኑኑ ከወደቀ ወይም ከቃዠ ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል!

ሚስት፣ ከአዳማ፦ ባሌ ጫት ይቅማል እንጂ ጠጪ አይደለም። ማታ ማታ ለጨብሲ ብቻ ሁለት ሦስት ቢራ ይላል።

እህቴ፣ ጨብሲም መጠጥ ነው። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ሁለቱንም ንገሩ።

እህት፣ ከሐዋሳ፦ ሳያውቅ ወጥ ውስጥ ተጨምሮ መጠጥ የሚያስጠላ መድኃኒት አለ ይባላል።

መድኃኒቱ አለ፣ ዲሳልፊራም ይባላል። በድብቅ ግን አይሰጥም። በላዩ ከጠጣበት ፊቱ ይቀላል፣ ያስመልሰዋል፣ ግፊቱ በድንገት ሊወርድና ልቡ ሊጎዳ ይችላል። የሚወስደው ሰው አውቆ፣ ፈቅዶ፣ ተመርምሮ ብቻ ነው።

አባት፣ ከጎንደር፦ ልጄን ጸበል ልወስደው ነው። የጀመረውን መድኃኒት ያቁም?

አያቁም። የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን «ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ» ብላ አስተምራለች፣ ይህም እንደዚያው ነው። አሁንም በየቀኑ የሚጠጣ ከሆነ ግን ቀድሞ ሐኪም ይየው። ጸበል ሲገባ መጠጡን በአንዴ ያቆማል፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ እዚያ ሊመጣበት ይችላል። በሰንሰለት አትሰሩት፣ በር አትቆልፉበት።

ሚስት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ የባሌን መጠጣት ለሐበሻ ብናገር ወሬ ይሆናል። ብቻዬን ልሞት ነው።

ይገባኛል እህቴ። አል-አኖን የሚባል የጠጪ ቤተሰቦች ስብስብ አለ። እዚያው አሜሪካ በ1951 የጠጪ ሚስቶች የመሠረቱት ነው። የአባልነት ክፍያ የለውም፣ የአባት ስም አይጠየቅም፣ በስልክና በኢንተርኔትም ይገኛል። ባልሽ እስኪታከም አትጠብቂ፣ አንቺ ነገውኑ ግቢ። ከሐበሻም አንዲት የምታምኛት ሴት ምረጪና ንገሪያት፣ አንድ ሰው ይበቃሻል።

ሚስት፣ ስሟም ከተማዋም ይቆይ ያለች፦ ሲሰክር ይደበድበኛል፣ ሲነጋ አልቅሶ ይቅርታ ይጠይቀኛል። ታግሼ ላሳክመው?

እህቴ፣ ሱስ ሕመም ነው ስል ዱላውን ቻይ ማለቴ አይደለም። እሱ ይታከም፣ አንቺ ግን ከዱላው ራቂ። ከልጆችሽ ጋር የምታድሪበት ቤት ከአሁኑ አዘጋጂ። መታወቂያሽን፣ የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬትና ትንሽ ብር የምታምኚው ዘመድ ጋ አስቀምጪ። ሰክሮ ሲገባ አትከራከሪው፣ ለበሩ ቅርብ ሁኚ። ለፖሊስና ለወረዳሽ የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አመልክቺ። የተመታሽውን ዛሬውኑ ሐኪም ይየው፣ የሕክምና ወረቀቱንም አትጣይው። ይህ በሬዲዮ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ባለሙያ ፊት ለፊት አግኚ።