«ምንም እንስሳ አልተጎዳም»፦ ካሜራው ሲጠፋስ?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ከራሴ ጋር ስሟገትበት የሰነበትኩትን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። የአሜሪካ ፊልም አልቆ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ሽቅብ ሲወጣ፣ መጨረሻው አካባቢ «በዚህ ፊልም ቀረጻ ምንም እንስሳ አልተጎዳም» የምትል ዓረፍተ ነገር ብቅ ትላለች። በዚያ ሰዓት መብራት በርቶ ሰው ወደ በሩ ስለሚጋፋ የሚያነባት ጥቂት ነው። እኔ የፈረስ ፊልም ወዳጅ ስለሆንኩ አነባታለሁ። ማን እንደሚጽፋት፣ ለጻፋትም ማን እንደሚከፍለው ካወቅሁ ወዲህ ግን እንደ ድሮው አምኜ አላልፋትም። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

በ1930ዎቹ ሆሊውድ የጦርነትና የካውቦይ ፊልም ያለ ፈረስ አይታሰብም ነበር። ፈረሱ ደግሞ ጥይት እንደመታው ሆኖ መውደቅ አለበት። ፈረስ ግን በፈቃዱ በግልቢያ መሐል አይወድቅም። ስለዚህ እንዲህ ያደርጉ ነበር፦ ጠንካራ ሽቦ በሁለቱ የፊት እግሮቹ ላይ ያስራሉ፤ ሽቦውን ከሆዱ ስር ባለ ቀለበት ያሳልፉና ሌላውን ጫፍ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ችካል ጋር ያያይዙታል። ፈረሰኛው ኮልኩሎ ያስጋልበዋል። ሽቦው የሚበቃበት ርቀት ሲያልቅ የፊት እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከስሩ ይነጠቃሉ፤ በሙሉ ፍጥነት የሚጋልብ እንስሳ በአፍጢሙ ይደፋል። ፈረሰኛው የመውደቂያውን ቦታ ስለሚያውቅ ተዘጋጅቶ ይወርዳል። ፈረሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ዕድል ከቀናው ይነሳል፤ እግሩ ወይም አንገቱ ከተሰበረ እዚያው ያበቃለታል። በ1936 ማይክል ከርቲዝ ያዘጋጀው «ዘ ቻርጅ ኦፍ ዘ ላይት ብርጌድ» የተባለው ፊልም ሲቀረጽ ይህ ሽቦ ብዙ ፈረሶችን ፈጀ። ዋናው ተዋናይ ኤሮል ፍሊን ሳይቀር በቁጣ ተቃውሞታል።

እኛ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እያልን ሰውን በፈረሱ ስም የምናወድስ ሕዝብ ነንና፣ ይህን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ነገሩን አደባባይ ያወጣው በ1939 የታየው «ጄሲ ጄምስ» ነው። ወንበዴው ከአሳዳጆቹ ሲያመልጥ ከነፈረሱ ከገደል ወደ ሐይቅ ይዘላል። ቀረጻው ሚዙሪ ውስጥ ነበር፤ ከፍታው 20 ሜትር ያህል ነው። ፈረስ ከዚያ ቁመት ወድዶ እንደማይዘል ግልጽ ነውና በሚያንሸራትት መድረክ ላይ አቁመው ለቀቁት። ሰውየው ተረፈ፤ ፈረሱ ሞተ፤ ትዕይንቱም በፊልሙ ውስጥ ቀረ። አሜሪካን ሂዩሜን አሶሴሽን የተባለው የእንስሳት ደኅንነት ማኅበር ከፍ ያለ ተቃውሞ አሰማ፤ በ1940 ሆሊውድ ውስጥ ቢሮ ከፍቶ የፊልም ቀረጻዎችን መከታተል ጀመረ።

ልብ በሉ፣ ይህ የመንግሥት ሕግ አልነበረም። ማኅበሩ ወደ ቀረጻ ቦታ የሚገባው የፊልም ኩባንያዎቹ ራሳቸውን በሚያርሙበት ደንብ ጥላ ስር ሆኖ ነው። በ1960ዎቹ ደንቡ ሲፈርስ የመግቢያ በሩም አብሮ ተዘጋ። ማይክል ቺሚኖ «ሄቨንስ ጌት»ን ሲያዘጋጅ የማኅበሩን ሰዎች ከቀረጻው ከለከላቸው። በፊልሙ የእውነት የዶሮ ፍልሚያ ታየ፤ በፈንጂ ሳቢያ ፈረስ መሞቱም ተነገረ። ተቃዋሚዎች በሲኒማ ቤት ደጃፍ ተሰለፉ። በ1980 የተዋንያን ማኅበርና የፕሮዲውሰሮች ማኅበር በተፈራረሙት ስምምነት ተቆጣጣሪው ተመልሶ ገባ። ዛሬም የሚሠራበት ሥርዓት መነሻው ያ ስምምነት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ዛሬ በጥሩ ቀረጻ ላይ የሚወድቅ ፈረስ ለዚሁ የሠለጠነ ነው፤ ፈረሰኛው በልጓሙ አንገቱን ወደ ጎን ሲያዞርለት በተቆፈረና በለሰለሰ አፈር ላይ በጎኑ ይጋደማል፤ ከዚያ አራግፎ ይነሳል። የእንስሳት ደኅንነት ማኅበሩ መመሪያ ከዝሆን እስከ ነፍሳት ድረስ ይናገራል። ይህን ማቃለል አልፈልግም።

እኔን የሚከነክነኝ የደመወዙ ነገር ነው። የቁጥጥሩ ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው የፊልም ኢንዱስትሪው ከሚያዋጣው ገንዘብ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሰው የበላበትን ወጪት ለመስበር የማይፈራ መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ በየትም አገር ማንም ወድዶ አይቀጥርም።

በ2013 «ዘ ሆሊውድ ሪፖርተር» መጽሔት ያወጣው ረጅም ምርመራ ፍርሃቴን ያጠናከረው ለዚህ ነው። በአንግ ሊ ፊልም «ላይፍ ኦፍ ፓይ» ውስጥ ነብሩ አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒውተር ሥራ ቢሆንም የእውነት ነብሮችም ነበሩ። ኪንግ የተባለው ነብር በውኃ ገንዳ ውስጥ ሲዋኝ ዳር መድረስ አቅቶት ለመስጠም ተቃርቦ እንደነበር የማኅበሩ ተቆጣጣሪ ለባልደረባዋ በኢሜይል ጻፈች፤ ለማንም፣ በተለይም ለቢሮው እንዳይነገር አሳሰበች። ፊልሙ ያቺን «ምንም እንስሳ አልተጎዳም» የምትል ዓረፍተ ነገር ከማኅበሩ አገኘ። ማኅበሩ በበኩሉ ነብሩ ጉዳት እንዳልደረሰበት ተናግሯል። ይሁን፣ አልተጎዳም እንበል። ከአሠሪዋ ቢሮ የምትደብቅ ተቆጣጣሪ ግን ለእኔ ከነብሩ ይልቅ የምታስፈራ ናት።

ሌላው «ዘ ሆቢት» ነው። በኒውዚላንድ እንስሳቱን ይንከባከቡ የነበሩ ሠራተኞች በ2012 እንደተናገሩት፣ ለፊልሙ በተያዙበት እርሻ ላይ 27 ያህል እንስሳት ሞተዋል፤ ፈረሶች፣ ፍየሎች፣ በጎችና ዶሮዎች። ምክንያት ያሉት ገደልና ጉድጓድ የበዛበትን፣ አጥሩም የተበላሸውን መሬት ነው። የፊልሙ ሰዎች በደል ተፈጽሟል መባሉን አጥብቀው አስተባብለዋል። የማኅበሩ መልስ ደግሞ ሥልጣኑ እርሻው ድረስ እንደማይዘልቅ የሚገልጽ ነበር፤ እሱ የሚቆጣጠረው ቀረጻውን ነው። በፊልሙ መጨረሻ ላይ የወጣው ጽሑፍም ስለ ቀረጻው ብቻ ይናገራል። ውሸት የለበትም። ይህ ነው የሚያበሳጨኝ፤ ከተዋሸሁ መክሰስ ይቻለኛል፣ እውነቱን ሸንሽኖ ለሚሰጠኝ ግን መልስ የለኝም።

ተቆጣጣሪ መኖሩም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ኩባንያ ኤችቢኦ ስለ ፈረስ እሽቅድምድም የሠራው «ላክ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ቁጥጥር እየተደረገበት ሦስት ፈረሶች ሞተውበታል። ሦስተኛው የሞተው በ2012 ነው፤ ቀረጻ ላይ ሳይሆን ወደ ጋጣው ሲመለስ፣ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ወደ ኋላ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቶ። ኩባንያው ድራማውን ጨርሶ አቋረጠው።

በብሪታንያ ያለው መንገድ ይለያል። የ1937ቱ ሕግ አንድ ትዕይንት የተዘጋጀው በእንስሳ ላይ በጭካኔ ሥቃይ ወይም ሽብር በማድረስ ከሆነ፣ ያን ፊልም ለሕዝብ ማሳየት ራሱ ወንጀል ነው ይላል። ስለዚህ የፊልም መርማሪዎቹ መቀስ ያነሳሉ፤ በሽቦ የተጠለፉ ፈረሶች የሚወድቁባቸው ትዕይንቶች ከአሜሪካ ፊልሞች ላይ እየተቆረጡ ወጥተዋል። ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ ፕሮዲውሰር ከወቀሳ ይልቅ ገንዘብ ያወጣበት ትዕይንት ሲቆረጥበት ያመዋልና። ግን ይህም ሕግ ቢሆን የሚዳኘው መጋረጃው ላይ የታየውን ነው። እርሻ ላይ ጉድጓድ ገብቶ የሞተ በግ መጋረጃ ላይ አይታይም። ለእሱ የሚሆን መርማሪ፣ በአሜሪካም ሆነ በብሪታንያ የፊልም ደንብ ውስጥ እስካሁን አላገኘሁም። የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ዝግጅት አነበዋለሁ።