ሳሉድን ማን ገደላት?

እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ አንዲት ልጅ ሞት ነው። አትደንግጡ፣ የኦፔራ ልጅ ናት።

ኦፔራው «ላ ቪዳ ብሬቬ» ይባላል፤ «አጭር ሕይወት» ማለት ነው። ሙዚቃው የስፔናዊው የማኑኤል ደ ፋያ፣ ግጥሙ የካርሎስ ፈርናንዴስ ሾ ነው። ከውስጡ አንድ ጭፈራ ለብቻው ወጥቶ ዓለምን ዞሯል። ቫዮሊን ተጫዋቹ ክራይስለር ለቫዮሊን አመቻችቶት በየኮንሰርቱ መጨረሻ ይጫወቱታል፤ ሰው እያጨበጨበ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔም ለረጅም ጊዜ የማውቀው ያንን ብቻ ነበር። የሠርግ ጨዋታ መሆኑ ያስታውቃል። የማን ሠርግ እንደሆነ ግን ቫዮሊኑ አይነግራችሁም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሳሉድ በደቡብ ስፔን ግራናዳ ከተማ ውስጥ፣ አልባይሲን በሚባለው ዳገታማ ሰፈር ከአያቷ ጋር የምትኖር ድሃ የሮማ (ጂፕሲ ከሚባለው ሕዝብ) ልጅ ናት። ፓኮ የሚባል የደህና ቤተሰብ ልጅ ትወዳለች። እሱም ይምልላታል፤ ሲምል ደግሞ ሙዚቃው እንዴት እንደሚያምር! አጎቷ ግን ጉዱን ሰምቷል፦ ፓኮ እኩያውን፣ ካርሜላን ሊያገባ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከጀርባ ብረት ቀጥቃጮች ይዘፍናሉ። መዶሻ መሆን ሲቻል መስፍ (ብረት የሚቀጠቀጥበት) ሆኖ ለተወለደ ወዮለት ይላሉ። ብረት ቀጥቃጭ ምን ዓይነት ቦታ እንደሚሰጠው ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። በሁለተኛው ክፍል ሳሉድ ሠርጉ ቤት ደጃፍ ቆማ ያንኑ ዘፈን ትዘፍናለች፤ ፓኮ በመስኮት ድምፅዋን ይሰማል። ከዚያ ትገባለች። ሰው ሁሉ ፊት ከዳኸኝ ትለዋለች። እሱም ውሸቷን ነው፣ አስወጧት ይላል። እሷም እግሩ ሥር ወድቃ ትሞታለች።

በቃ፤ ቢላዋ የለ፣ መርዝ የለ። «ካርመን» የተባለውን ኦፔራ አስቡ፤ ፈረንሳዊው ቢዜ ስለ ስፔን ሲጽፍ ጩቤ አስፈልጎታል። ስፔናዊው አላስፈለገውም። አንዳንዱ አድማጭ ይህ የደራሲ ስንፍና ነው ይላል፤ ሰው እንዲሁ ዱብ ብሎ አይሞትም ባይ ነው። እኔ አልስማማም። ያቺ ልጅ ከፓኮ ቃል ሌላ የምትይዘው ነገር አልነበራትም። እሱ ሲክዳት በእጁ አልነካትም፤ መንካትም አላስፈለገው።

ለዚህም ነው ጭፈራው የሚከብደኝ። በሁለተኛው ክፍል ሁለት ጊዜ ይጨፈራል፤ ሁለቱንም ጊዜ ተከትላ የምትደርሰው ሳሉድ ናት። ሠርጉ ላይ ደግሞ በጊታር ታጅቦ የሚዘፍን የፍላሜንኮ (የደቡብ ስፔን ባህላዊ ዘፈን) ድምፃዊ አለ። የሻከረው ድምፁ ከኦፔራ ዘፋኞቹ ለስላሳ ድምፅ ጎን ሲሰማ፣ ሕዝቡ ራሱ መድረኩ ላይ የወጣ ይመስላል። የሚገርመው ፋያ ይህን ሲጽፍ የዚያው የደቡብ ስፔን የካዲስ ከተማ ልጅ ይሁን እንጂ ግራናዳን ገና በዓይኑ አላየም ነበር። ኋላ ሄዶ ኖረባት፤ በ1922 ከገጣሚው ከሎርካ ጋር ሆኖ የካንቴ ሆንዶ (የፍላሜንኮ ጥንታዊው ዓይነት) ዘፈን ውድድር አዘጋጅቶባታል።

ኦፔራው ራሱም በአገሩ አልቀናውም። በ1905 ማድሪድ ላይ የሥነ ጥበብ አካዳሚውን ሽልማት አገኘ፤ መድረክ ግን አላገኘም። ፋያ በ1907 ፓሪስ ገባ። ሥራው መጀመሪያ የታየው በ1913 ፈረንሳይ፣ ኒስ ከተማ ውስጥ ነው፤ ያውም በፈረንሳይኛ። ማድሪድ ያየችው በ1914 ነው።

ልታዳምጡት ካሰባችሁ ቪክቶሪያ ደ ሎስ አንኼለስ ሳሉድን ሆና ያስቀረጸችውን ፈልጉ። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ጭፈራውን ብቻ መርጣችሁ አትክፈቱ፤ ከቀጥቃጮቹ ጀምሩ። በሚቀጥለው እንግዳ ይዤ እመጣለሁ። ደህና ሁኑልኝ።