አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆችና የሐዋሳ ፀሐይ

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ።

ሐዋሳ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከፍታዋም 1,700 ሜትር ገደማ ነው። ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አልቢኒዝም ማለት ቆዳን ከጨረር የሚከላከለው ቀለም፣ ሜላኒን፣ ከውልደት ጀምሮ የሌለበት ወይም እጅግ ያነሰበት ሁኔታ ነው፤ እንዲህ ያለ ቆዳ ይህን ጨረር አይችልም። በአውሮፓ ሰው ለመጥቆር ከፍሎ የሚተኛበት የጨረር አልጋ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2009 ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል፤ እዚህ ያው ጨረር በነፃ ይወርዳል።

በመጀመሪያ ስለ ጨቅላዎች። ጠዋት ፀሐይ ማሞቁ አልቢኒዝም ላለበት ሕፃን ይቅርበት። ቫይታሚን ዲ በጠብታ፣ በቀን 400 ዩኒት ይሰጠው። ቅቤና ቫዝሊን ቆዳ ያለሰልሳሉ፤ ጨረር ግን አያግዱም።

ልብስ ከክሬም ይቀድማል። ነጠላችሁን ወደ መስኮት ዘርግታችሁ እዩት፦ ብርሃን ካሳለፈ ጨረርም ያሳልፋል። ጥቅጥቅ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ ምረጡ። ኬፕ ጆሮንና ማጅራትን አይሸፍንም፤ ዙሪያውን 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ይሻላል።

ሰንስክሪኑ፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬሙ፣ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። «ቀባነው፣ አልሠራም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ክሬሙ ስለሚያንስ ነው፤ ውድ ነውና በጣት ጫፍ ነካ ነካ ይደረጋል። ለፊትና ለአንገት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለእያንዳንዱ ክንድም አንድ አንድ ያስፈልጋል። ከመውጣት 20 ደቂቃ በፊት ይቀባል፤ ከዚያ በየ2 ሰዓቱ፣ ላብ ካለ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይደገማል። ገንዘብ ካጠረ ክንዱን በእጅጌ ሸፍናችሁ ክሬሙን ለፊት፣ ለጆሮ፣ ለማጅራትና ለእጅ ጀርባ አውሉት። ሙቀት ላይ ከርሞ ውሃው የተለየውን ጣሉት።

መምህራን፣ የእነዚህ ልጆች የስፖርት ክፍለ ጊዜ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ይሁን። አልቢኒዝም እይታንም ስለሚያደክም ሰሌዳው በደንብ አይታያቸውም፤ ፊት አስቀምጧቸው፤ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት በኩል ግን አይሁን። ደመናም አያዘናጋችሁ፣ ስስ ከሆነ አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል።

በወር አንዴ በቀን ብርሃን ጆሮን፣ ታችኛውን ከንፈር፣ ማጅራትንና የእጅ ጀርባን ዳብሱ። እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ቅርፊት ከዓይን በፊት በጣት ይታወቃል። ይህ ቅድመ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ደረጃ በፈሳሽ ናይትሮጅን በደቂቃዎች ሊታከም ይችላል። በ4 ሳምንት ያልዳነ፣ የሚደማ ወይም የሚያብጥ ቁስል ግን ናሙና ተወስዶ ይመርመር። አትተኩሱት፣ ቅጠልም አትለጥፉበት፤ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ከሆነ በዚያ መሃል ወደ ንፍፊት ሊዛመት ይችላል። ወደ ቆዳ ሐኪም ስትመጡ ቅርፊቱን አትላጡት።