የጾም ኢነርጂ ቦል በበሶ፦ ለምንድን ነው የሚፈረፈርብን?

ሰላም ቤተሰቦች፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ኢነርጂ ቦል እንሠራለን። አዎ፣ ያቺ ከቴምር፣ ከአጃና ቺያ ከሚባል ጥቃቅን ፍሬ የምትድቦለቦለው፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ በሚያምር ወረቀት ተጠቅልላ የምትሸጠው። ዋጋዋን ስታዩ ረሃባችሁ የሚጠፋው። እሷን ነው የምላችሁ። ቤት ውስጥ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ምድጃ።

ሁዳዴ እኮ 55 ቀን ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ቢሮው አጠገብ መጀመሪያ የሚያገኘው ምንድን ነው? ሳምቡሳ። ሳምቡሳን አልሰድብም፣ እወዳታለሁ። ግን 55 ቀን ሙሉ? ኧረ ተዉ!

ብዙዎቻችሁ «ቺያ ከየት እናምጣ፣ አጃውም ተወደደ» ትላላችሁ። ቤታችሁ በሶ የለም እንዴ? በሶ ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ነው። በስሏል ማለት ነው። ምድጃ የማያስፈልገን ለዚህ ነው። በሶ አጣሁ ብላችሁ ግን ጥሬ የስንዴ ዱቄት እንዳትጨምሩ። እሱ ሳይበስል አይበላም፣ ሆድ ያሳምማል።

ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም። አርሲ ጭኮ የበላችሁ ታውቁታላችሁ። በሶ በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ። ያ ኢነርጂ ቦል ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እኛ ቅቤውን አውጥተን ሌላ ማያያዣ እናስገባለን። ችግሩ ሁሉ ያለው እዚህ ማያያዣው ላይ ነው።

የጭቃ ቤት ሲመረግ ያያችሁ አላችሁ? ያላያችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ጭቃ ብቻውን ብትመርጉት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭድ ብቻውን ደግሞ ግድግዳ ላይ አይያዝም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ግድግዳ የሚሆነው። የጤፍ ጭድ ሲሆንማ! ደግሞ ባለሙያው ጭቃውን ረገጠው፣ ረገጠው፣ ረገጠው... ወዲያው ይመርጋል? አይመርግም! ይተወዋል። ቀናት ያስቆየዋል። ሰፈሩ ይሸታል፣ ጎረቤት ይማረራል፣ እሱ ምን ተዳው። ጭዱ ውሃውን እስኪጠጣ፣ ጭቃው እስኪልም ይጠብቃል። ከዚያ ሲመርገው እጁን የሚታዘዝ ጭቃ ይሆናል።

አሁን ወደ ሳህናችን። ቴምሩ ጭቃው ነው። በሶው ጭዱ ነው። ኦቾሎኒውስ? ማገር በሉት፣ ለምን ይቅርበት። ቴምር ሲበዛ ኳሷ ትልፈሰፈሳለች። በሶ ሲበዛ ትፈረፈራለች። ዋናው ግን፣ ዋናው ግን ማስቆየቱ ነው! በሶ ውሃ የሚጠጣው ቀስ እያለ ነው። አሁን ቀጠነ ያላችሁት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠንከር ይላል። እናንተ ግን ቸኩላችሁ በሶ ትጨምራላችሁ። ከዚያ «ተፈረፈረብኝ» ትሉኛላችሁ። ጠብቁ! ጎረቤት አይማረርባችሁም፣ ይሄ አይሸትም።

እሺ፣ ልኩን በፍጥነት። ፍሬው የወጣ ቴምር 300 ግራም። በሶ 120 ግራም። የተቆላ ኦቾሎኒ 100 ግራም። የተቆላና የተፈጨ ተልባ 3 የሾርባ ማንኪያ። የተቆላ ሰሊጥ 2። ጨው ቁንጥር፣ ኮረሪማም ካለ ትንሽ። ቴምሩ ከደረቀ 10 ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ ውሃውን አጥልሉ፣ ፍጩት። መብራት ከሄደ ሙቀጫ አለ። ኦቾሎኒውን ከስከስ አድርጉት። ሁሉንም አንድ ላይ እሹት። ግማሽ ሰዓት አስቆዩት። እጃችሁን አርጥባችሁ አድቦልቡሉት፣ ወደ 25 ኳስ ይወጣዋል። ከኳስ ይልቅ እንደ ቸኮሌት ረዘም ያለ ባር የምትፈልጉ ትሪ ላይ ጠፍጥፋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩትና ቁረጡት። አለቀ።

አይ፣ አላለቀም፣ ሁለት ነገር። ተልባው የግድ ይፈጭ። ሳይፈጭ ከበላችሁት እንደገባ ይወጣል። ሲፈጭና እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ይዝለገለጋል፣ ለማያያዝ ያግዘናል። ሁለተኛ፣ የሻገተ ወይም የተጨማደደ ኦቾሎኒ ለቅማችሁ ጣሉ። አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል፣ ብትቆሉትም አይለቅም። እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

አሁን ወደ ኮሜንታችሁ። ይሄ ነገር ተደጋግሞ ስለመጣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ቴምር የተፈጥሮ ስለሆነ ስኳሩ አይቆጠርም» የምትሉ ሰዎች፣ ማን ነው እንዲህ ያላችሁ? ይቆጠራል እንጂ! 100 ግራም ቴምር ውስጥ ወደ 65 ግራም ስኳር አለ። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። በሠራነው ልክ አንዷ ኳስ ወደ 8 ግራም ስኳር ትይዛለች፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ። ሦስት ኳስ በላችሁ? ስድስት ማንኪያ። ሻይ ውስጥ ስድስት ማንኪያ የሚጨምር ሰው ብታዩ ምን ትሉታላችሁ?

ታዲያ ከከረሜላ በምን ይሻላል? ቴምሩ ውስጥ አሰር አለ፣ በሶውም ውስጥ አለ፣ ኦቾሎኒው ፕሮቲንና ቅባት አለው። እነዚህ ተደምረው ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገዩታል። ያዘገዩታል አልኩ እንጂ ያጠፉታል አላልኩም። «እናቴ ስኳር አለባት፣ እንደፈለገች ትብላ?» ላላችሁኝ መልሴ አይሆንም ነው። በተለይ መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን እየወሰዱ የሚጾሙ እናቶችና አባቶች መጀመሪያ ሐኪማቸውን ያማክሩ። ጣፋጩን መቀነስ ለምትፈልጉ፣ ቴምሩን 200 ግራም አድርጉና በጎደለው ቦታ 80 ግራም ያህል የኦቾሎኒ ቅቤ አስገቡበት። እሱም ይይዛል። እኔ እንዲያውም የምወደው ይሄኛውን ነው።

ስለ ማርም የጠየቃችሁ አላችሁ። በጾም ማር ይበላል። ቪጋን የሆነ፣ ማለትም ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ነገር የማይበላ ሰው ግን ንብ የሠራችውንም አይበላም። ስለዚህ ውጭ ሀገር ያላችሁ፣ ለቪጋን የሥራ ባልደረባችሁ «የጾም ነው» ብላችሁ በማር የተሠራ እንዳታቀርቡ። ገልፍ ያላችሁ ደግሞ ቴምሩ ሞልቷችኋል፣ የሚጎድላችሁ በሶው ነው። ከሀገር ቤት የሚመጣ ሰው ካለ ከበርበሬው ጋር አንድ ኪሎ በሶ አስጭኑት።

የማስቀመጡ ነገርስ? ጭኮ ብዙ የሚቆየው የተነጠረ ቅቤ ውስጥ ውሃ ስለሌለ ነው። የእኛ ቴምር ግን እርጥበት አለው። ፍሪጅ ውስጥ ክዳን ባለው ዕቃ አንድ ሳምንት ይቆያል። ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ወር። ውጭ ከሆነ በሁለት ቀን ጨርሱት፣ መቼም ካያችሁት አይተርፍም። ድሬዳዋ መኪና ውስጥ ረስታችሁት «ተበላሸብኝ» ብላችሁ ግን እንዳትጽፉልኝ።

በሚቀጥለው ቪዲዮ ጨው ጨው የሚል ባር በሽምብራ ቆሎ እንሠራለን። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኗት። እና «ያለ ቴምር በዘቢብ ይሆናል ወይ?» ልትሉ ነው አይደል? ይሆናል፣ አትዘፍዝፉት ብቻ። ቻው!